በሳንባ ካንሰር ውስጥ ስኳርን የሚፈልጉ ቀለሞች

በ2008 ውጤቱ ይፋ የሆነ አንድ ትልቅ የሕክምና ጥናት ሐኪሞች ስለ ሳንባ ካንሰር የሚያስቡበትን መንገድ ቀይሯል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጥናቱ ተሳታፊዎች 1,725 ሕሙማን ሲሆኑ፣ ሁሉም በሽታው የገፋባቸውና ካንሰራቸው «ስሞል ሴል» ከሚባለው ወገን ያልሆነ ነበሩ። ገሚሶቹ ሲስፕላቲንን ከፔሜትሬክሰድ ጋር፣ ገሚሶቹ ደግሞ ሲስፕላቲንን ከጄምሲታቢን ጋር ወሰዱ። ሁሉም በአንድነት ሲቆጠሩ ሁለቱ ሕክምናዎች እኩል ወጡ። ሕሙማኑ ካንሰራቸው በማይክሮስኮፕ ሥር በታየበት መልክ ሲከፋፈሉ ግን እኩልነቱ ፈረሰ። አዴኖካርሲኖማ የተባለው ዓይነት የያዛቸው ሰዎች በፔሜትሬክሰድ የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 12.6 ወር ሲሆን፣ በሌላው መድኃኒት 10.9 ወር ነበር። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የያዛቸው ላይ ነገሩ ተገለበጠ፤ ፔሜትሬክሰድ የወሰዱት 9.4 ወር፣ ሌላውን የወሰዱት 10.8 ወር ኖሩ። አንዱን በሽተኛ የረዳ መድኃኒት ለሌላው ከአማራጩ ያነሰ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ለአብዛኛው ሐኪም ዋናው ጥያቄ «ስሞል ሴል ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር። የዚህ መልስ ከታወቀ የቀረው ዝርዝር ሕክምናውን እምብዛም አይለውጥም ነበር። ቤቫሲዙማብ የተባለው የካንሰሩን የደም ሥሮች የሚያጠቃ መድኃኒት ሲሞከርም፣ ከሳንባ የሚፈስ ከባድ ደም በተለይ በስኳመስ ካንሰር ሕሙማን ላይ በመታየቱ፣ ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ሙከራ ይህን ዓይነት የያዛቸውን ሰዎች ጭራሹን አላካተተም። በ2004 የኢጂኤፍአር፣ በ2007 የኤኤልኬ የዘረመል ለውጦች ሲታወቁም በብዛት የሚገኙት በአዴኖካርሲኖማ ውስጥ መሆኑ ታየ። ስለዚህ የፓቶሎጂ ባለሙያው «የሳንባ ካንሰር ነው» ብሎ የሚያቆምበት ጊዜ አለፈ። የትኛው ነው የሚለው የበሽተኛውን መድኃኒት የሚመርጥ ጥያቄ ሆነ። በዚህ ጥያቄ ፊት ብዙዎች ጊዜያቸው እንዳለፈ የሚቆጥሯቸው፣ በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ስኳርንና ሙሲንን የሚያሳዩ አሮጌ ቀለሞች አሁንም ሊተውት የማይገባ ቦታ እንዳላቸው ማሳየት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ቦታው ጠባብ ነው፤ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ የቆመው ግን አንድ ሰው ነው።

ሁለቱን ካንሰሮች የሚለያቸው ነገር በመሠረቱ ቀላል ነው። አዴኖካርሲኖማ ፈሳሽ የማመንጨት ባሕርይ ያለው ካንሰር ነው፤ ሕዋሳቱ ክፍት ቱቦ ዙሪያ ተደርድረው ይታያሉ፣ ወይም ዝልግልግ ነገር በውስጣቸው ያጠራቅማሉ። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ደግሞ የቆዳን ላይኛ ሽፋን ይመስላል፤ ሕዋሳቱ ጠፍጣፋ ሆነው ይደራረባሉ፣ ኬራቲን የተባለውን ጠንካራ ፕሮቲን ይሠራሉ። ካንሰሩ ይህን ባሕርይውን ጠብቆ ከተገኘ በየላቦራቶሪው በየዕለቱ የሚሠራበት የሄማቶክሲሊንና የኢዮሲን ማቅለሚያ ይበቃል። ሕዋሱ ሐምራዊና ሮዝ ሆኖ ይታያል፣ ባለሙያውም ቅርጹን አይቶ ይፈርዳል። ችግሩ የሚመጣው ካንሰሩ ጠባዩን ሁሉ ጥሎ፣ ቱቦም ኬራቲንም የሌለው ጥቅጥቅ ያለ የሕዋስ ክምር ሲሆን ነው። ናሙናው በመርፌ ወይም በብሮንኮስኮፕ የተወሰደ ቅንጣት ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ አብዛኛው የሳንባ ካንሰር የሚደረስበት ከገፋ በኋላ ስለሆነ ደግሞ ናሙናው ብዙውን ጊዜ ቅንጣት ነው። እንዲህ ባለው ናሙና ውስጥ በአንድ ሕዋስ መሐል ክፍት ቦታ ቢታይ ሙሲን ሊሆን ይችላል፤ ስብ ወይም ግላይኮጅን ሊሆን ይችላል፤ በዝግጅቱ ወቅት የተፈጠረ ባዶ ቀዳዳም ሊሆን ይችላል። በተለመደው ማቅለሚያ አራቱም ይመሳሰላሉ።

ሙሲን የመተንፈሻ ቱቦዎቻችንን ውስጠኛ ገጽ የሚያለሰልሰው፣ አቧራና ጀርም የሚይዘው ዝልግልግ ፈሳሽ ዋና ንጥረ ነገር ነው። አጥንቱ ፕሮቲን ነው፤ በዚያ ላይ የተንጠለጠሉት የስኳር ሰንሰለቶች ግን እጅግ ብዙ ከመሆናቸው የተነሳ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስኳር ነው። ዝልግልግ ያደረገውም ይኸው ስኳር ውሃን አጥብቆ መያዙ ነው። እንግዲህ ሙሲንን መፈለግ ማለት ስኳርን መፈለግ ማለት ነው፤ ስኳርን ደግሞ ኬሚስቶች ከሕክምናው ቀድመው ያውቁታል።

ከቀለሞቹ ሁሉ ሰፊ አገልግሎት ያለው ፓስ የሚባለው ነው። ስሙ ከሁለት ኬሚካሎች የተውጣጣ ነው፤ አንዱ ፔርዮዲክ አሲድ፣ ሁለተኛው ጀርመናዊው ኬሚስት ሁጎ ሺፍ በ1866 ያስተዋወቀው ፈሳሽ። ፔርዮዲክ አሲድ በስኳር ሞለኪውል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የሃይድሮክሲል ቡድኖችን ሲያገኝ በመካከላቸው ያለውን ትስስር ይቆርጣል፤ ከተቆረጠውም ጫፍ አልዲሃይድ የተባለ ኬሚካል ይፈጠራል። የሺፍ ፈሳሽ ራሱ ቀለም የለውም። አልዲሃይድ ሲያገኝ ግን ወደ ደማቅ ሐምራዊ ቀይ ይለወጣል። ማክማነስ የተባለው ተመራማሪ ይህን ሂደት ሙሲንን በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ለማሳየት እንደሚያገለግል ያሳወቀው በ1946 ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቀለሙ የሚወጣው አንድ የታወቀ የኬሚካል ለውጥ ከተካሄደ ብቻ ነው። ባለሙያው በስላይዱ ላይ ቀይ ነጥብ ሲያይ የሚያነበው የአንድን ኬሚካላዊ ጥያቄ መልስ ነው፤ ጥያቄውም «እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ የተደረደረ ስኳር አለ ወይ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ግልጽ በመሆኑ ድክመቱም ግልጽ ነው። ግላይኮጅን፣ ማለትም ሕዋሳት ለጉልበት የሚያከማቹት የስኳር ክምችት፣ ያንኑ የስኳር አደራደር ስላለው በፓስ ይቀላል። ስኳመስ ካንሰርም ግላይኮጅን ያከማቻል። ቀይ ያየ ሰው ሁሉ «አዴኖካርሲኖማ» ቢል ኖሮ ሕሙማን የማይገባቸውን መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ እስካሁን ድረስ የሚያስደንቀኝ ነው። ከአንዱ ናሙና ሁለት ስስ ቁራጮች ተቆርጠው አንደኛው ከመቀለሙ በፊት ዲያስቴዝ በተባለ ኢንዛይም ይታጠባል። ዲያስቴዝ ግላይኮጅንን ይፈጫል፣ ሙሲንን ግን አይነካም። ታጥቦም ቀይ ሆኖ የቀረው ሙሲን ነው፤ የጠፋው ግላይኮጅን ነበር። የሰው ምራቅ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ኢንዛይም ስላለው፣ የተዘጋጀ ኢንዛይም ባልነበራቸው ላቦራቶሪዎች ቴክኒሻኖች በምራቅ ይሠሩ ነበር። በሳንባ ውስጥ የሚገኝ «የስኳር ዕጢ» የሚባል ብርቅ ዕብጠትም ለዚህ ዘዴ ጥሩ ምስክር ነው። ሊቦና ካስልማን የተባሉ አሜሪካውያን ፓቶሎጂስቶች የገለጹት ይህ ዕጢ ሕዋሳቱ ጥርት ያሉና በግላይኮጅን የተሞሉ ስለሆኑ በፓስ ደም መስለው ይቀላሉ፤ በዲያስቴዝ ሲታጠቡ ግን ቀለሙ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አደገኛ አይደለም። ሁለተኛውን ስላይድ ያልሠራ ላቦራቶሪ ጤነኛ ሊሆን የሚችልን ሰው ካንሰር አለብህ ሊል ይችላል።

ሌሎቹ ሁለት ቀለሞች የሚጠይቁት ጥያቄ ትንሽ ይለያል። ሙሲካርሚን የተባለውን ፖል ማየር በ1896 አስተዋውቆታል፤ ሳውዝጌት በ1927 አሻሽሎታል። ቀዩ ቀለም የሚገኘው በቁልቋል ላይ ከሚኖር ኮቺኒል ከተባለ ጥቃቅን ነፍሳት ነው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀለም ምርት ታስቦ ወደ ትግራይ የገባውና ኋላ የበለስ ተክሉን ያወደመው ተባይ ይኸው ነው። ቀለሙ ከአሉሚኒየም ጋር ሲጣመር አዎንታዊ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ አሲዳማ የሆነውን ሙሲን ፈልጎ ይጣበቃል። ግላይኮጅንን ስለማይቀባ ከፓስ ይልቅ መራጭ ነው፤ በዚያው ልክ ትንሽ ሙሲን ያለበትን ሕዋስ ሊያሳልፍ ይችላል። አልሺያን ሰማያዊ ደግሞ መጀመሪያ ለጨርቅ የተሠራ ቀለም ነበር፤ ስቲድማን በ1950 ወደ ሕብረ ሕዋስ አመጣው። የፈሳሹን አሲድነት በመለወጥ የሙሲኑን ዓይነት መለየት ያስችላል፦ በፒኤች 2.5 አሲዳማ ሙሲኖችን በአጠቃላይ ይቀባል፣ በፒኤች 1 ግን ሰልፌት የያዙትን ብቻ። ሁለቱን ቀለሞች፣ አልሺያን ሰማያዊንና ፓስን፣ በአንድ ስላይድ ላይ ማጣመርም የተለመደ ሆኗል፤ አሲዳማው ሙሲን ሰማያዊ፣ ገለልተኛው ቀይ፣ ሁለቱንም የያዘው ሐምራዊ ይሆናል።

እነዚህ ቀለሞች የሳንባ ካንሰርን ምድብ ራሱን ቀይረዋል። በ1967 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የመጀመሪያ ምድብ፣ መልክ የሌላቸው ነገር ግን ሙሲን የሚመስል ነገር የያዙ ጥቅጥቅ ካንሰሮች «ላርጅ ሴል» ከሚባለው ወገን ተቆጥረው ነበር። በ1981 በወጣው ሁለተኛው ምድብ ወደ አዴኖካርሲኖማ ተዛወሩ። ማይክሮስኮፑ ያው ነው፣ ካንሰሩም ያው ነው። የተለወጠው ሰዎች ለማስረጃው የሰጡት ክብደት ነው፤ ቱቦ የማይሠራ ሕዋስ ሙሲን ከሠራ፣ ሥራው ማንነቱን ይናገራል ተባለ። ከዚያ በኋላ የወጡት ምድቦች ቁጥር ጨመሩበት፦ በከፍተኛ ማጉያ በታዩ ሁለት መስኮች በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ሙሲን የያዙ የካንሰር ሕዋሳት መገኘት አለባቸው።

ይህ የአምስት ሕዋስ ደንብ ብዙ ጊዜ ይተቻል። ለምን አራት ወይም ስድስት አልሆነም? በተፈጥሮ ውስጥ አምስት ላይ የተሰመረ መስመር የለም፤ ትችቱ በዚህ ልክ ትክክል ነው። ነገር ግን ስኳመስ በሆነ ካንሰር ውስጥም አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ሙሲን የያዘ ሕዋስ ይገኛል። ደንቡ ባይኖር አንዱ ፓቶሎጂስት በአንድ ነጥብ «አዴኖ» ይላል፣ ሌላው ደርዘን ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱን ሕሙማን ውጤት ማነጻጸር አይቻልም። የደንቡ ጥቅም በቶኪዮም በአዲስ አበባም አንዱ ቃል አንድ ነገር ማለት እንዲችል ማድረጉ ነው። ደንቡ የሚፈርሰው በትንሽ ናሙና ላይ ነው፤ ሁለት መስክ የማይሞላ ቅንጣት ላይ አምስት መቁጠር አይቻልም። ለዚህም ነው በትንሽ ናሙና ላይ ሪፖርቱ «ስሞል ሴል ያልሆነ ካንሰር፣ ወደ አዴኖካርሲኖማ የሚያደላ» የሚል ጥንቃቄ የተሞላበት ቃል የሚጠቀመው። «የሚያደላ» የሚለው ቃል ቤተሰብን ያስጨንቃል፣ እረዳለሁ። እርግጠኛ ያልሆነውን እርግጠኛ አስመስሎ ከመጻፍ ግን እጅግ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ ልምጣ። ከስኳር ቀለሞች በኋላ የመጣ የበለጠ ኃይለኛ መሣሪያ አለ፤ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ይባላል። አንድን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በስላይዱ ላይ ይፈስሳል፣ ፕሮቲኑ ካለ ቡናማ ምልክት ይወጣል። ቲቲኤፍ-1 የተባለው ፕሮቲን ከአራት የሳንባ አዴኖካርሲኖማዎች በሦስቱ ገደማ ይገኛል፤ ፒ40 ደግሞ ለስኳመስ የታመነ ምልክት ነው። ብዙ አዴኖካርሲኖማዎች ሙሲን ጭራሹን አይሠሩም፤ ስለዚህ የስኳር ቀለሞቹ «የለም» ማለታቸው ምንም አያረጋግጥም። ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ድምዳሜ «አሮጌዎቹን ትተን ወደ አዲሶቹ እንሂድ» የሚል ይመስላል። የክርክሩን ግማሽ ያለ ማመንታት እቀበላለሁ። ፀረ እንግዳ አካሉ ባለበት ቦታ መጀመሪያ የሚሠራው እሱ መሆን አለበት። የተቀረውን ግማሽ የማልቀበለው ሁለቱ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ሸማኔ መሆኑን መታወቂያው ላይ የተጻፈውን በማንበብ ማወቅ ይቻላል፣ ቤቱ ገብቶ ድውሩንና የተሸመነውን ጥበብ በማየትም ማወቅ ይቻላል። ፀረ እንግዳ አካሉ መታወቂያውን ያነባል፤ የስኳር ቀለሙ ሥራውን ያያል። መታወቂያው የጠፋበት ሸማኔ ግን አለ።

ቲቲኤፍ-1 የሌለው፣ ፒ40ም የሌለው፣ መልክም የሌለው ካንሰር ሲገኝ የሚሆነው ይህ ነው። የ2015ቱ የዓለም ጤና ድርጅት ምድብ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪን በይፋ ወደ ምርመራው ማዕከል ባስገባበት ጊዜም ሙሲንን አላስወጣም። አንድ ጥቅጥቅ ካንሰር የአዴኖ ምልክት ፕሮቲን ካለው፣ ወይም ደግሞ ሙሲን ከሠራ፣ አዴኖካርሲኖማ ይባላል። ሁለቱም፣ የስኳመስ ምልክቱም ከሌለ ብቻ ላርጅ ሴል ይባላል። ስለዚህ ላርጅ ሴል የሚለውን ስም ሙሲን ሳይፈለግ መስጠት አይቻልም። በዚህ ምድብ ምክንያት ላርጅ ሴል የሚባሉት ቁጥራቸው በጣም ቀንሷል፤ የቀሩት ጥቂቶች ላይ ግን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው በ1940ዎቹ የተገኘ ቀለም ሊሆን ይችላል። ጥቂት ናቸው ብሎ መተው ለስታቲስቲክስ ይመች ይሆናል። ከጥቂቶቹ አንዷ ለሆነችው ሴት ግን መድኃኒቷን የሚወስነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የበለጠ ክብደት አለው፦ ናሙናው ያልቃል። ከሳንባ የወጣችው ቅንጣት ለመደበኛው ማቅለሚያ፣ ለፀረ እንግዳ አካላት፣ በተለይም ለዘረመል ምርመራ ትፈለጋለች፤ በየቀለሙ ላይ ከባከነች የኢጂኤፍአር ምርመራ ሊቀር ነው። በ2011 የዓለም አቀፉ የሳንባ ካንሰር ጥናት ማኅበር፣ የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበርና የአውሮፓ የመተንፈሻ አካላት ማኅበር በጋራ ያወጡት ምክር ይህንን ስጋት በቀጥታ አንስቷል። በትንሽ ናሙና ላይ አንድ የአዴኖ ምልክት፣ አንድ የስኳመስ ምልክት፣ ካስፈለገ የሙሲን ቀለም፣ ከዚያ በላይ አይሁን ይላል። ይህ ሙሲንን የሚቃወም ምክር አይደለም፤ የሚቃወመው ልክ የሌለውን የምርመራ ብዛት ነው። አንድ ስላይድ የሚፈልገው ከ3 እስከ 5 ማይክሮን የሚወፍር ቁራጭ ነው፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር ሁለት መቶኛ ክፍል የማይበልጥ። ብዙውን ጊዜ ናሙናን የሚያባክነው የሰም ብሎኩ በየጊዜው ወደ መቁረጫው እየተመለሰ እንደገና መላጉ ነው። ጥንቁቅ ላቦራቶሪ ብሎኩን አንዴ ሲቆርጥ ለኋላ የሚሆኑ ያልተቀለሙ ስላይዶችን አብሮ ያዘጋጃል። ይህ ልማድ ከተያዘ የሙሲን ቀለም የሚወስደው ዋጋ እምብዛም ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ያሳስታሉ» የሚል ነው፣ እውነትም ያሳስታሉ። በሙሲካርሚን ቀይ ሆኖ የሚታይ ነገር ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ በዙሪያው ያለው የስኳር ሽፋን በዚሁ ቀለም ይቀላል። ይህ ፈንገስ በተለይ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችን የሚያጠቃ ሲሆን በሳንባ ውስጥ ዕጢ መስሎ ሊታይ ይችላል። ፓስም የፈንገስን ግድግዳና የሕዋሳትን መሠረት ሽፋን ይቀባል። በሳንባ ሽፋን ላይ የሚነሳው፣ ከአስቤስቶስ ጋር የተያያዘው ሜሶቴሊዮማ የተባለው ካንሰር ደግሞ ሃያሉሮኒክ አሲድ ያመነጫል፤ ይህም በአልሺያን ሰማያዊ ይቀለማል። ነገር ግን እያንዳንዱ ስሕተት የራሱ ማጣሪያ አለው። ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ሲታጠብ የሜሶቴሊዮማው ሰማያዊ ይጠፋል፣ የአዴኖካርሲኖማው ሙሲን ይቀራል። ፈንገሱ በክብ ቅርጹና በእንቡጡ ይታወቃል። በእያንዳንዱ ዙር አብሮ የሚቀለም፣ ሙሲን እንዳለው አስቀድሞ የታወቀ የአንጀት ቁራጭም አለ፤ እሱ ካልቀላ የዚያ ቀን ሥራ ሁሉ ይጣላል። ስሕተቱ አስቀድሞ የሚታወቅና የሚፈተሽ መሣሪያ፣ በእኔ ግምት፣ ስሕተቱ ተደብቆ ከሚቀር መሣሪያ ይመረጣል።

እውነተኛው ገደብ ሌላ ቦታ ነው። ሙሲን «ይህ ሕዋስ ምን ይሠራል?» ለሚለው ይመልሳል፤ «ከየት መጣ?» ለሚለው አይመልስም። ከቆሽት፣ ከትልቁ አንጀት ወይም ከጨጓራ ተነስቶ ወደ ሳንባ የተዛመተ ካንሰርም ሙሲን ይሠራል። ይህ ገደብ በጣም የሚከብደው ሰርጎ ገብ ሙሲናዊ አዴኖካርሲኖማ በሚባለው የሳንባ ካንሰር ላይ ነው። ሕዋሳቱ ረዣዥምና በሙሲን የተሞሉ ሆነው የአየር ከረጢቶችን ግድግዳ ተከትለው ይሰደራሉ፤ ብዙ ጊዜ ቲቲኤፍ-1 የላቸውም፣ የአንጀት ካንሰር ምልክት የሆነው ሳይቶኬራቲን 20 ግን ሊኖራቸው ይችላል። መታወቂያው ራሱ የሌላ አገር ሰው ይመስላል። እዚህ ላይ የስኳር ቀለሙም ፀረ እንግዳ አካሉም ብቻቸውን አይበቁም፤ የሆድ ምስል ይታያል፣ የበሽተኛው ታሪክ ይጠየቃል፣ ሐኪሙና ፓቶሎጂስቱ ይነጋገራሉ።

ይኸው ካንሰር በደረት ምስል ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ እንደ ዕጢ ሳይሆን እንደ ሳንባ ምች ነው፤ የአየር ከረጢቶቹ በሙሲን ስለሚሞሉ ሰፊ ነጭ ጥላ ይወጣል፣ አንዳንዶቹም ብዙ ውሃማ አክታ ይተፋሉ። ቲቢ በተስፋፋባት ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ጥላ ያለበት ሰው መጀመሪያ የሳንባ ምች፣ ቀጥሎ የቲቢ መድኃኒት ቢሰጠው የሚያስገርም አይደለም፤ ሁለቱም ከካንሰሩ ይልቅ የተለመዱ ናቸውና። የሚያሳዝነው በመድኃኒቱ ያልተለወጠ ጥላ ለወራት ናሙና ሳይወሰድለት ሲቀር ነው። ናሙናው ከተወሰደ በኋላም የአገሪቱ እውነታ ይመጣል፤ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች ጥቂት ናቸው፣ ፀረ እንግዳ አካላቱ ውድ ናቸው፣ በቅዝቃዜ መጓጓዝና መቀመጥ ይፈልጋሉ፣ ጊዜያቸውም ያልፋል። የሺፍ ፈሳሽም ጨለማና ቅዝቃዜ ይወድዳል፤ ነገር ግን በመደበኛ ላቦራቶሪ አቅም የሚዘጋጅና የሚያዝ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማከብረው ተቃውሞ አለ፦ «ለድሃ አገር የድሃ ምርመራ እያልክ ነው ወይ?» የሚል። አይደለም። የስኳር ቀለም የፀረ እንግዳ አካልን ቦታ ይተካል ብሎ ማስተማር ሕሙማንን መበደል ነው፤ ሙሲን የማይሠሩት አዴኖካርሲኖማዎች ሁሉ ሳይታወቁ ይቀራሉና። የምለው ሌላ ነው። ዛሬ ባለው አቅም መመለስ የሚቻል ጥያቄ ዛሬ መመለስ አለበት፤ ፀረ እንግዳ አካሉም በመጣ ጊዜ የስኳር ቀለሙን የሠራው ላቦራቶሪ ሥራው አይጠፋም፣ ምክንያቱም የበለጸጉት አገሮች ላቦራቶሪዎችም አልጣሉትምና።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ዘረመል ያመራል፣ ሙሲንም እዚያ ድረስ ተከትሎ ሄዷል። ኤኤልኬ የተባለው ዘረመል የተለወጠባቸው አዴኖካርሲኖማዎች ሙሲን በብዛት የሚያፈስሱ፣ ወይም ሙሲኑ ኑክሊየሳቸውን ወደ ጠርዝ ገፍቶ ቀለበት ያስመሰላቸው ሕዋሳት ያሏቸው ሆነው ብዙ ጊዜ ተገኝተዋል። ሰርጎ ገብ ሙሲናዊው ዓይነት ደግሞ በብዛት ኬራስ በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ አለበት። የኬራስ ለውጥ ከሌለባቸው በአንዳንዶቹ ውስጥ ኤንአርጂ1 የተባለው ዘረመል ከሌላ ዘረመል ጋር ተጣብቆ ይገኛል፤ በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ ለውጥ ዜኖኩቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ፈቅዷል። የሙሲን ቀለም የዘረመል ምርመራን አይተካም። ውድ የሆነ ሰፊ ምርመራ ለማን መቅደም እንዳለበት ግን ፍንጭ ይሰጣል፤ ገንዘብ ባነሰበት ቦታ ደግሞ ፍንጩ ዋጋ አለው።

የሳንባ ናሙና የተወሰደለት ሰው ወይም ቤተሰቡ በፓቶሎጂ ሪፖርቱ ላይ «ስሞል ሴል ያልሆነ ካንሰር» ከሚለው በላይ ዝርዝር ከሌለ፣ ዓይነቱ እንዴት እንደተፈለገ ሐኪሙን መጠየቅ ይችላል፦ የአዴኖና የስኳመስ ምልክቶች ታይተዋል ወይ፣ ሙሲን ተፈልጓል ወይ፣ ፓስ ከተሠራ በዲያስቴዝ ታጥቦ ነው ወይ። ናሙናው የተቀበረበት የሰም ብሎክ ከሪፖርቱ ጋር አብሮ የሚጠየቅ ነገር ነው። በተለመደ የክፍል ሙቀት ለዓመታት ይቀመጣል፣ ሙሲኑም በውስጡ ይቆያል፤ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ለሕክምና የሚሄድ ሰው ይዞት ሊሄድና ያልተሠራው ምርመራ እዚያ ሊሠራለት ይችላል።